ጉልበት ሲበርደው፦ ሳይክል፣ የመንዝ ውርጭ እና አንድ ቁራጭ ባና

አማርኛ ለጉልበት ትልቅ ቦታ ሰጥቶታል። አቅም ያለው ሰው «ጉልበተኛ» ነው። በቀን ሒሳብ የሚሠራው ሥራ «የጉልበት ሥራ» ነው። የደከመው ሰው «ጉልበቴ ከዳኝ» ይላል። ኢኮኖሚክስ ስንማርም የምርት ግብዓቶችን በአማርኛ ስንቆጥር መሬት፣ ካፒታል፣ ጉልበት ነበር የምንለው። ይህን ሁሉ ስም የተሸከመው መገጣጠሚያ ግን ብርድ ሲመጣ ማንም አያስታውሰውም።

ጠዋት በሳይክል የሚወጣ ልጅ እስቲ እዩ። ኮፍያ አድርጓል፣ ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቷል፣ ጓንት ካለውም አጥልቋል። ከወገብ በታች ግን ቁምጣ ወይም ስስ ቱታ ነው። ንፋሱን ፊት ለፊት የሚቀበለው፣ በሰዓት በሺዎች ጊዜ የሚታጠፈው ጉልበት ባዶውን ወጥቷል።

አዲስ አበባ ውስጥ የኮሪደር ልማቱ የሳይክል መንገድ ካመጣ ወዲህ ሳይክል የሚነዳው ወጣት በዝቷል። ሰሜን ሸዋ ላይም ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ሳይክል የሚነዳ ተማሪና ሠራተኛ ታያላችሁ። ወደ መንዝና ግሼ ከፍ ስንል ደግሞ ሞተር ሳይክሉ ይበዛል። ለጉልበት ግን ሁሉም አንድ ነው፤ ተቀምጦ፣ ታጥፎ፣ ንፋስ እየመታው ይሄዳል። ስለዚህ የዛሬው ጨዋታችን ስለ ጉልበት ነው። ስለ ጉልበት ስናወራ ደግሞ ስለ መንዝ በግ ማውራታችን አይቀርም።

መጀመሪያ የብርዱን ሒሳብ እንሥራ

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። የጓሳ ሣር ምድር፣ ያ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት፣ ሕዝቡ ለዘመናት በራሱ ሕግ ሲጠብቀው የኖረው አምባ፣ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል።

በአማካይ 1,000 ሜትር ከፍ ስትሉ አየሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ «ዛሬ ደስ ይላል» የምትሉት 10 ዲግሪ ጠዋት፣ 700 ሜትር ከፍ ብላችሁ መሐል ሜዳ ላይ ወደ 5 ዲግሪ ይጠጋል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ደግሞ ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊቱን ወደ ላይ ይለቀዋል። ገበሬው የሚፈራው ውርጭ የሚወርደው ያኔ ነው። ደብረ ብርሃንና መንዝ ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ።

ይሄ ግን ቆማችሁ ያለው ብርድ ነው። ሳይክል ላይ ስትወጡ ንፋሱን የምትፈጥሩት ራሳችሁ ናችሁ። የአየር ትንበያ ባለሙያዎች ንፋስ በቆዳ ላይ የሚያመጣውን ቅዝቃዜ የሚያሰሉበት ቀመር አለ፤ ስልካችሁ ላይ ያለው አፕ «እንዲህ ይሰማል» ብሎ የሚያሳያችሁ ቁጥር ከዚህ ዓይነት ስሌት የመጣ ነው። በዚያ ቀመር 5 ዲግሪ የሆነ ጠዋት እንዲህ ይሆናል፦

- በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ቆዳችሁ 2 ዲግሪ ያህል ይሰማዋል
- በ30 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ዜሮ ይሆናል
- በ40 ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ስትወርዱ ከዜሮ በታች 1 ይሆናል

አየሩ ራሱ ዜሮ ከሆነ ደግሞ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከዜሮ በታች 6 ነው የሚሰማችሁ። ለሞተር ነጂዎቹ ቁጥሩን አልነግራችሁም፤ እናንተው አስቡት።

ሌላው የአካባቢው ጸባይ የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ጣርማበር ላይ ጉም ውስጥ ሆናችሁ ጥርሳችሁ ይንቀጫቀጫል። ዋሻውን አልፋችሁ በደብረ ሲና በኩል ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,900 ሜትር ያህል ወርዳችኋል፤ በሒሳቡ ከ12 ዲግሪ በላይ ልዩነት ማለት ነው። መርሐቤቴም እንደዚያው ነው። በለሚ በኩል ያለው ደጋ ላይ ብርድ፣ ጀማ ሸለቆ ውስጥ ላብ፣ ከዚያ ወደ ዓለም ከተማ ዳገት። በአንድ ቀን ውስጥ ሦስት ወቅት! ለዚህ መንገድ የሚሆነው ልብስ ሲሞቅ ወልቆ ኪስ የሚገባ፣ ሲበርድ ተመልሶ የሚለበስ ነው። ወፍራም ሱሪ ይህን አይችልም። መንገድ መሃል ሱሪ አይወለቅማ!

ለምን ጉልበት?

«እግሬ ሲንቀሳቀስ ይሞቃል፣ ምን ያሳስባል?» የሚል አይጠፋም። ጭኑ በእርግጥ ይሞቃል። ጭን ትልቅ ጡንቻ ነው፤ ሲሠራ ሙቀት ያመነጫል። ጉልበት ግን ከፊት ለፊቱ ምን አለው? ሎሚ የሚያህል አጥንት፣ ጅማት እና ቆዳ። ስብ የለውም፣ ጡንቻም የለውም። ብርዱን የሚመክትበት ነገር ሳይኖረው ከፊት ተሰልፏል።

በዚያ ላይ ልብሱ ራሱ ይከዳዋል። ልብስ የሚያሞቀን በውስጡ በያዘው አየር ነው። ጉልበት በታጠፈ ቁጥር ሱሪው እዚያች ቦታ ላይ ይወጠርና አየሩን ያስወጣል። ጂንስ የለበሰ ሰው ጭኑ ሳይበርደው ጉልበቱ ብቻ ቀዝቅዞ የሚያገኘው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ደግሞ የሥራውን ብዛት ቁጠሩ። አንድ መካከለኛ ነጂ ፔዳሉን በደቂቃ 70 ጊዜ ያዞራል እንበል። በሰዓት 4,200 ጊዜ ነው። በሦስት ሰዓት መንገድ እያንዳንዱ ጉልበት 12,600 ጊዜ ታጥፎ ይዘረጋል። መገጣጠሚያው ውስጥ የእንቁላል ነጭ የመሰለ፣ እንደ ግራሶ የሚያገለግል ፈሳሽ አለ። ይህ ፈሳሽ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል። እንደ ቅቤ አይረጋም፤ እንደ ልቡ አለመፍሰሱ ግን እውነት ነው። ጅማቱም ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፣ ጡንቻውም ቶሎ አይታዘዝም። ጠዋት የመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ላይ ጉልበታችሁ «አልፈልግም» የሚላችሁ ለዚህ ነው።

የዓለም ሳይክል ተወዳዳሪዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ብዙ አሠልጣኞች አየሩ ከ18 ወይም ከ20 ዲግሪ በታች ከሆነ ጉልበት ይሸፈን ይላሉ። ልብ በሉ፣ 18 ዲግሪ ለኛ ለደገኞቹ ጸሐይ የወጣበት ቀን ነው! በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ጽጋቡ ግርማይም ሆነ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ሦስት ዙሮችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ የወሰደው ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይ ከደጋ የመጡ ልጆች ናቸው። በዚህ ሙያ ብርዳማ ጠዋት ላይ ጉልበትን ሸፍኖ ልምምድ መውጣት የተለመደ ነው። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ከጭን እስከ ባት የሚደርስ እጅጌ መሳይ ልብስ አላቸው፤ ጠዋት ያጠልቁታል፣ ሲሞቅ መንዳታቸውን ሳያቆሙ ገፈው ከጀርባቸው ኪስ ይከቱታል።

«ብርድ ነው» የምንለው ሁሉ ብርድ አይደለም

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ጉዳዩ ከሳይክልም በላይ ነውና።

ደጋ አገር ላይ ለጉልበት ሕመም ያለን መልስ አንድ ነው፦ «ብርድ መቶህ ነው»። አባት ጉልበቱን ቢያመው ብርድ ነው። እህት ቁርጭምጭሚቷ ቢያብጥ ብርድ ነው። ብርድ ላይ ሁሉንም ማላከክ ይቀላል፤ ብርድ ቀርቦ አይከራከርማ።

እውነቱ እንዲህ ነው። ብርድ መገጣጠሚያን ያደርቃል፣ ያለውን ሕመም ያባብሳል፣ ለጉዳት ያጋልጣል። ግን ብርድ ብቻውን ጤነኛ ጉልበት ውስጥ ገብቶ በሽታ ሆኖ አይቀመጥም። ሪህ የሚባለው በደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ ሲበዛ የሚመጣ ነው። አዛውንቶችን የሚያስነክሰው የጉልበት ሕመም ብዙውን ጊዜ ከዕድሜ፣ ከክብደት እና ከቆየ ጉዳት ጋር የተያያዘ ነው። ሳይክል ነጂን ጉልበቱ ላይ የሚያመው ደግሞ ብዙ ጊዜ ኮርቻው ዝቅ ብሎ ስለተቀመጠ ወይም ከባድ ማርሽ ስለሚገፋ ነው።

ኮርቻውን አሁኑኑ መፈተሽ ትችላላችሁ። ሳይክሉ ላይ ተቀመጡ፣ ፔዳሉን ወደ ታች መጨረሻ አድርሱት፣ ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉ። እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። ከታጠፈ ኮርቻው ዝቅ ብሏል ማለት ነው፤ ጉልበታችሁ በየዙሩ ያለ ልክ እየታጠፈ ነው። ከወንድሙ ወይም ከጓደኛው ሳይክል የተዋሰ ልጅ አብዛኛው ችግሩ ይሄ ነው። ሳይክላችሁ ማርሽ የሌለው ከሆነ ደግሞ ረጅም ዳገት ላይ ወርዶ መግፋት ነውር የለውም። ጉልበት ከይሉኝታ ይበልጣል።

ከሁሉ በላይ ግን የልጆቹን ነገር አደራ። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ጉሮሮውን ታሞ፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቱ አብጦ ካመመው፣ ሕመሙም ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ወደ ክርን እየዞረ ከሆነ፣ ትኩሳትም ካለው «ብርድ ነው» ብሎ በቅቤ አሽቶ ማስተኛት አደገኛ ነው። ሩማቲክ ፊቨር ሊሆን ይችላል። የሚመጣው በጉሮሮ ባክቴሪያ ምክንያት እንጂ በብርድ አይደለም። የመገጣጠሚያው ሕመም ከቀናት በኋላ ይተዋል፤ ቤተሰብም «ብርዱ ለቀቀው» ይላል። በሽታው ግን የልብ በርን ጎድቶ ሊሄድ ይችላል፣ ጉዳቱም የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ልጁ ዳገት ሲያቅተው ነው። በአገራችን በወጣትነታቸው የልብ ሕመምተኛ ከሚሆኑት ብዙዎቹ ታሪካቸው እዚህ ይጀምራል። መከላከያው ደግሞ ውድ አይደለም፦ የጉሮሮ ሕመሙን በጊዜ በፔኒሲሊን ማከም፤ አንዴ ከያዘ በኋላም ሐኪም በሚያዘው መሠረት በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ መርፌውን ሳያቋርጡ መውሰድ።

ስለዚህ ታናሽ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ ይህችን ብቻ ያዙ፦ ያበጠ ጉልበት እና ትኩሳት አብረው ከመጡ ወደ ጤና ጣቢያ።

መንዝ ቀድሞ ያወቀው

የመንዝ ሰው ብርድን የሚያውቀው በመጽሐፍ አይደለም። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ አጥኚ ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. «ሰም እና ወርቅ» ብሎ በእንግሊዝኛ ባሳተመው መጽሐፉ ስለ መንዝ ሰፋ አድርጎ ጽፏል። ስለዚያ ምድር ያነበበም ሆነ የረገጠ ሰው ግን ከሁሉ በፊት ዓይኑ የሚያርፈው ልብሱ ላይ ነው። ሌላው ሸዋ ጋቢ ሲደርብ መንዝ ባና ይደርባል። ጥቁሩ በርኖስም ከዚያው ከበግ ጸጉር የሚሠራ ካባ ነው።

ልዩነቱ የጌጥ አይደለም። ጋቢ ጥጥ ነው። ጥጥ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ይሞቃል፤ ዝናብ ወይም ላብ ሲነካው ግን ውኃውን ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ አየሩ ይወጣና ራሱ ብርድ ይሆናል። የበግ ጸጉር ሌላ ነው። ከክብደቱ እስከ 30 በመቶ የሚሆን እርጥበት በውስጡ ይዞ እንኳ ሲነኩት ደረቅ ይመስላል። የሚጠማዘዘው ጸጉር አየር ያቁራል፣ ተጨምቆም ተመልሶ ይነሳል። ካፊያና ጉም በማይጠፋበት አምባ ላይ ሰዉ ባናን የመረጠው ትውልድ በትውልድ ፈትኖ ነው።

ይህንኑ የአውሮፓ ሳይክለኞችም ያውቁ ነበር። ሰው ሠራሽ ጨርቅ ገበያውን ከመያዙ በፊት የቱር ደ ፍራንስ ማሊያ የሱፍ ሹራብ ነበር። ተራራ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ከተመልካች ጋዜጣ ተቀብለው ደረታቸው ላይ ሸጉጠው ይወርዱ ነበር፤ ወረቀቱ ንፋስ ይከላከላላ! ጋዜጣ በስልክ ብቻ የምናነብ ልጆች ይህን ጥቅሙን አጥተነዋል።

ባና እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ፦ በጉ ይሸለታል፣ ጸጉሩ ተለቅሞ ይታጠባል፣ በደጋን ተነድፎ ይፍታታል፣ በእንዝርት ይፈተላል፣ ይሸመናል። ብዙውን ጊዜ ፈትሉ የሴቶች፣ ሽመናው የወንዶች ነው። ከዚህ ሁሉ ሰንሰለት ጊዜ የሚበላው ፈትሉ ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ገበያው ስንመጣ ያስፈልገናል።

በእጃችሁ ባለው ነገር ምን ይደረግ?

የውጭውን የጉልበት ልብስ ገዝቶ ማስመጣት ለአብዛኞቻችን አይታሰብም። ደግነቱ አያስፈልግም። ከርካሹ ልጀምር።

አንደኛ፣ ረጅም ካልሲ። ኳስ ተጫዋቾች እስከ ጉልበት የሚስቡትን ዓይነት ወፍራም ካልሲ ፈልጉ፤ ተረከዙ የተበሳ ከሆነ እንዲያውም ጥሩ። የእግሩን ክፍል ቆርጣችሁ ጣሉት። የቀረው ቱቦ የጉልበት ልብስ ሆነ። ከጉልበት በላይ አንድ ስንዝር፣ ከታችም ግማሽ ስንዝር ያህል ይድረስ። የላይኛው ጫፍ እንዳይንሸራተት ልብስ ሰፊ ጋ ወስዳችሁ ሰፋ ያለ ላስቲክ አሰፉበት። ቀጭን ላስቲክ ይቆርጣል፣ ደምም ያግዳል።

ሁለተኛ፣ የሹራብ እጅጌ። ሰልባጅ ተራ ውስጥ የሱፍ ሹራብ ሲገኝ እጅጌውን ቁረጡት። ሱፍ መሆኑን ለማወቅ ምልክቱን አንብቡ፤ ምልክቱ ከሌለ አንዲት ክር መዝዛችሁ አቃጥሉ። ሱፍ እንደ ተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ ዐመዱም በጣት ሲነካ ይፈርሳል። ፕላስቲክ ነክ ከሆነ ቀልጦ ይጠጥራል።

ሦስተኛ፣ ንፋስ መከላከያ። ከባድ ንፋስ ወይም ረጅም ቁልቁለት ካለ፣ ከሱሪው ሥር ከጉልበቱ ፊት ለፊት የታጠፈ ወረቀት ወይም የአሮጌ የንፋስ ጃኬት ቁራጭ ሸጉጡ። ፌስታል መጠቅለልም አለ፤ ግን ላቡ ስለማይወጣ ለአጭር ቁልቁለት ብቻ ይሁን። ስትቆሙ ያንን እርጥበት ንፋስ ካገኘው መጀመሪያ ከነበረው ይብሳል።

አራተኛ፣ ሰዓት መምረጥ። ይሄ በነጻ ነው። የቀኑ ቀዝቃዛ ሰዓት ንጋት 12 ሰዓት አካባቢ ነው። ጉዳያችሁ የሚፈቅድ ከሆነ ጸሐይ ጥቂት ከፍ እስክትል ጠብቁ። በተጨማሪም የመጀመሪያዎቹን ከ10 እስከ 15 ደቂቃዎች በቀላል ማርሽ፣ ሳትጣደፉ ንዱ። ሞተር እንኳ ሳይሞቅ አይጎተትም።

አምስተኛ፣ ላይ ላዩንም ሸፍኑ። ደረት ሲበርደው ሰውነት ደሙን ወደ መሃል ይሰበስባል፣ እግርና ጉልበት የሚያገኙት ደም ይቀንሳል። ደረቱ የሞቀ ሰው ጉልበቱም ይሻለዋል።

የማይሠሩትንም ልንገራችሁ። የሚያቃጥል ቅባት ተቀብቶ መውጣት ቆዳን ያሞኛል እንጂ ሙቀት አይጨምርም፤ ከላዩ ልብስ ካልተደረገ ጥቅሙ ትንሽ ነው። አረቄ ደግሞ፣ ደብረ ብርሃኖች እንዳትቀየሙኝ፣ ለብርድ መድኃኒት አይደለም። አልኮል የቆዳ ደም ሥሮችን ይከፍታል፤ ሙቀት የተሰማን የውስጣችን ሙቀት ወደ ውጭ እየወጣ ስለሆነ ነው። ከአንድ መለኪያ በኋላ ጣርማበርን በሳይክል የሚወርድ ሰው ከብርዱ በፊት የሚያሰጋው ገደሉ ነው።

ደግሞ ሳልጠቅሰው የማላልፈው ነገር አለ። በነዚህ መንገዶች ላይ ረጅም ጉዞ ከማሰባችሁ በፊት የጸጥታውን ሁኔታ ከአካባቢው ሰው ጠይቁ። መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን የጓሳ አምባ ላይ በሳይክል መሄድን የመሰለ ነገር የለም። ያልሆነ ቀን ቤት መቀመጥም ጥበብ ነው።

ባናው ለምን ጉልበት ላይ አልደረሰም?

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። መንዝ በግ አለው። በጉ ጸጉር አለው። ጸጉሩን የሚፈትሉና የሚሸምኑ እጆች አሉ። እታች ደግሞ ጉልበቱ የሚበርደው ወጣት በየቀኑ እየበዛ ነው። ታዲያ ሁለቱ ለምን አልተገናኙም?

የመጀመሪያው ምክንያት በጉ የሚረባው ለሥጋ መሆኑ ነው። የመንዝ በግ ትንሽ፣ ብርድና የመኖ እጥረት የሚችል፣ ጸጉሩ ግን ሻካራ የሆነ ዝርያ ነው። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢካርዳ ከአገር ውስጥ የምርምር ተቋማት ጋር ሆኖ በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮ እና በአፋር በጎች ላይ አርቢው ራሱ አውራውን እየመረጠ የሚያሻሽልበትን ፕሮግራም ሲያካሂድ ዋናው ትኩረት የበጉ ክብደት ነበር። ትክክልም ነው። ገበሬው ለበዓል የሚሸጠው በጉን እንጂ ጸጉሩን አይደለም። ጸጉሩ ተረፈ ምርት ሆኖ ቀረ።

ሁለተኛው ባናው ትልቅ ዕቃ መሆኑ ነው። አንድ ሰው ባና ከገዛ ለብዙ ዓመት ሌላ አይገዛም። ፋብሪካ የሚያመርተው ሰው ሠራሽ ብርድ ልብስ ደግሞ ቀላል ነው፣ ቀለሙ ያምራል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ባና ከብርድ ልብስ ጋር ፊት ለፊት ሲወዳደር ይሸነፋል። ፈትሉ የበላው የሰው ጊዜ በዋጋው ውስጥ አለና። እናቶች ፈትሉን የሚተዉት ሥራውን ስለጠሉ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ፈትለው የሚያገኙት ሌላ ሥራ ከሚሰጣቸው ካነሰ መተው ነው። ይህ ማንም ሳይመክራቸው የሚያደርጉት ስሌት ነው።

እዚህ ላይ ነው ትንሿ ዕቃ ሒሳቡን የምትለውጠው። ጥንድ የጉልበት መሸፈኛ የሚፈልገው ሱፍ 100 ግራም ያህል ቢሆን ነው። ባና ግን ኪሎዎች ይፈልጋል። በተመሳሳይ የፈትል ጊዜ ብዙ ዕቃ ይወጣል፣ ዋጋው በተማሪ አቅም ይሆናል፣ ያለቀበትም ተመልሶ ይገዛል። ከሁሉም በላይ እዚህች ላይ ሱፍ የሚወዳደረው ከርካሽ ብርድ ልብስ ጋር አይደለም። ገበያው ባዶ ነው። ዶላር አውጥቶ ከውጭ ከሚመጣ ዕቃ ጋር ቢወዳደር ደግሞ ያሸንፋል።

ችግር የለውም ወይ? አለው። የባና ጨርቅ አይለጠጥም፤ ጉልበት ግን ይታጠፋል። ጸጉሩም ሻካራ ስለሆነ ባዶ ቆዳን ይበላል። ሁለቱም መላ አላቸው። ንፋስ የሚመታው ከፊት ነው፤ ስለዚህ ባናው ከፊት ብቻ ይሁን፣ ከኋላ የሚለጠጥ ጨርቅ ይሰፋበት። ጉልበት ሲታጠፍ ኋላው ላይ ወፍራም ነገር ባይኖር ደግሞ ይመረጣል። ከውስጥ ስስ የስቶኪንግ ዓይነት ገበር ይግባበት። ማንኛውም ልብስ ሰፊ በአንድ ከሰዓት የሚሠራው ነገር ነው። ያለቀው ባና እንኳ አይጣልም፤ ዳርና ዳሩ አልቆ መሃሉ የተረፈው ባና ለብዙ ጉልበት ይበቃል።

ስምም ፈልጌለታለሁ። አባቶቻችን ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት የሚያጠልቁትን ገምባሌ ይሉት ነበር። ይሄኛው ትንሽ ከፍ ብሎ ጉልበት ላይ ይቀመጣል እንጂ ዘሩ ያው ነው። «የጉልበት ገምባሌ» ብንለውስ? የተሻለ ያላችሁ ጻፉልኝ።

ይህች ዕቃ መንዝን ታበለጽጋለች እያልኩ አይደለም። አንድ ዕቃ አገር አይለውጥም። ግን አንድ ሙያ የሚሞተው በአንድ ቀን አይደለም፤ ገዢ ሲጠፋ፣ ቀጥሎ ልጆች መማር ሲተዉ ነው የሚሞተው። ከገዢዎቹ አንዱ ብርድ የሚመታው ሳይክለኛ ሊሆን ይችላል። ደብረ ብርሃን ላይ ልብስ ስፌት የምትሠራ እህት ካለች፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የዲዛይን ወይም የቢዝነስ የመመረቂያ ሥራ የጨነቀው ተማሪ ካለ፣ ሐሳቡ በነጻ ነው። ውሰዱት።

እስከዚያው የተበሳ ካልሲያችሁን አትጣሉ። መቀስ ፈልጉ።